ለአፍንጮ የተገጠመው ሞተር

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ቡና የጫነ አይሱዙ ከወናጎ በኩል ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ከኋላ ጎማው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሽታው ደረሰኝ። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። የጎማ ቃጠሎም አይደለም፣ የጸጉር ቃጠሎም አይደለም፤ በሁለቱ መሀል ያለ ነገር ነው። በእጄ የያዝኩትን የባጃጅ ኬብል አስቀምጬ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ኬብሉን ሊገዛ የመጣው ልጅ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ልጁ ከፍሎ ሄደ። አይሱዙውም ሄደ። እኔ ግን ከካርቶኑ ላይ ቶሎ አልተነሳሁም።

ታላቅ ወንድሜ በራሶ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። እማዬ ለመታሰቢያው ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን ማን ማን እንደሚጠራ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ፤ ትረሳዋለች፤ እንደገና ትጠይቀኛለች። እኔ ከዚያ ሽታ ወዲህ የማስበው ስለ እሱ መኪና፣ ስለ አፍንጮ ብቻ ነው። ያቺ መኪና ወንድሜን ትገድልብኛለች ብዬ ብዙ ዓመት ፈርቻለሁ። ፍርሃቴን ለማንም በደንብ ተናግሬው አላውቅም። መጻፍም የለመድኩ ሰው አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት የዕቃ ዋጋ ነው። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

አፍንጮ ስትመጣ ባጃጅ ዲላ ከገባ ብዙ አልቆየም ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በአንድ ብር ከሃምሳ ትሄዳለህ፤ ተማሪ ከሆንክ ደግሞ ተከራክረህ በአንድ ብር። ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም ይገኝ ነበር። የአቮካዶ ጁስ ማንኪያ የምታቆመው ዓይነት አምስት ብር ነበረች፤ ሁለት ሆነን አንድ አዝዘን በሁለት ማንኪያ እንበላታለን። እንጠጣታለን አላልኩም፣ እንበላታለን። ስልክ ያለው ሰው ሚሞሪውን ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄድና ዘፈን ያስጭናል። ከአንዱ ሱቅ መዝሙር፣ ከጎኑ የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከማዶ የጌዴኦኛ፤ መንገዱ መሀል የቆመ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ ይሰማል። አሁን እነዚያ ሙዚቃ ቤቶች የሉም። ሁሉም ሰው ዘፈኑን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ብቻውን ይሄዳል። የኛ እኩዮች ጉልበቱ ላይ የነጣ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ የእንግሊዝ ቡድን ማሊያ ያልነበረው አላውቅም። በራሶ ግን ሰማያዊ ቱታ ነበረው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄደ በቀር አያወልቃትም። ግሪሱ ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኖ ዝናብ እንኳ አታስገባም ነበር።

የበራሶ ጋራዥ ከገበያው በታች ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላው የሰው እንሰት፣ ከፊቱ አንድ ትልቅ ዋንዛ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እኔን ያስተማረኝ በራሶ ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛው ፈተና አልሆነልኝም። በራሶ አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ «ና ታሪኩ፣ እዚህ ብዙ ሥራ አለ» አለኝ። ገባሁ። አብረን እንሠራ ነበር፤ እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ።

አፍንጮ የመጣችው ከፍስሐ ገነት ነው። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የድሮ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተከምሮባት ብዙ ዘመን ቆማለች። የስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ መሬት ልትልስ የደረሰች ዝቅተኛ፣ አፍንጫዋ ከቀሪው ሰውነቷ የሚረዝም። ጋሽ ወልዴ በደህናው ዘመናቸው አዲስ አበባ ከአንድ ግሪክ ገዝተዋት በዚህ መንገድ ሲመጡ ሕፃናት ከትምህርት ቤት አጥር ዘለው ይወጡ ነበር አሉ። ቀይ ነበረች። እኛ ስናገኛት የደረቀ የቲማቲም ልጣጭ መስላለች። አይሱዙ ላይ ተጭና ዲላ ስትገባ አንድ የባጃጅ ሾፌር «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ አፍንጮ?» አለ፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

የራሷ ሞተር ባለ ስድስት ፒስተን ነበር፤ ግን ነክሶ ቆሟል። ውሃ ገብቶበት ፒስተኖቹ ከቤታቸው ጋር ተጣብቀው አንድ ብረት ሆነዋል። መለዋወጫውን ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ፈለግን፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው እንኳ ጠፋ። ጋሽ ወልዴ መኪናዋን ለበራሶ ሲሰጡት አንድ ነገር ብለውት ነበር። «ተነድታ መጥታ እዚህ ደጄ ላይ ትቁም። የዚያን ቀን ሊብሬዋን በስምህ አዞራለሁ። ካልመጣች ግን ቆርቆሮ ናት፣ ቆርቆሮዬን ትመልስልኛለህ።» በራሶ ለዚህች ነገር እንቅልፍ አጣ። «ሰው የሠራውን ስጠግን ነው የኖርኩት» ይለኝ ነበር። «አንድ ነገር እኔ የሠራሁት ይሂድ።»

በዚያው ሰሞን የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ በጨረታ ተሸጠ። ሰውነቱ ተጨማዷል፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ባለ ስድስት ፒስተን፣ ቤንዚን። በራሶ ሞተሩን ከነካምቢዮው ገዝቶ ጋራዡ ወለል ላይ ሲያስቀምጠው በያጁ ከድር እየዞረ አየው። ከድር ከስልጤ አገር የመጣ ነው፤ ሳይሳደብ በይዶ አያውቅም።

«ስድስት አውጥተህ ስድስት ልታስገባ? ምን አተረፍክ?»

«ስድስትና ስድስት አንድ አይደለም፣ ከድር።»

«አንድ እንዳልሆነማ አያለሁ! ያኛውን እኔና አንተ ለሁለት እንገፋዋለን። ለዚህኛው የገበያውን ወዛደር በሙሉ መጥራት ነው። የበሬ ልብ ፍየል ደረት ውስጥ! ወላሂ ትሞታለች ፍየሏ።»

«ትሮጣለች።»

«ትሮጣለች። የት ነው የምትቆመው? እኔ የጠየቅኩት እሱን ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ግን የከድር ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ሰንሰለት ማንሻውን ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለን ነው ሞተሩን ያስገባነው። ሲንጠለጠል ቅርንጫፉ ያቃስት ነበር፤ በራሶ ደግሞ ከሥሩ ተኝቶ በጣቱ ይመራናል። «ትንሽ ዝቅ። ትንሽ። ወደ እኔ።» ሞተሩ ከደረቱ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ይወዛወዛል። ሰንሰለቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ በላብ ሲንሸራተት እግዚአብሔርን በስሙ እየጠራሁ ነበር። በራሶ «ምን ታንሾካሹካለህ? ሰንሰለቱን ያዝ» ይለኛል።

ሞተሩ አልገጥም አለ። በቁመት በለጠ፣ በርዝመትም በለጠ። የሥሩ ዘይት መያዣ ከመሪው ብረት ጋር ሲጋጭ ከድር ቆርጦ አሳጠረው። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል መሀሉን ቀደን በዘይት በርሜል ቆርቆሮ ጉብታ ሠራንላት። ካምቢዮው የላንድክሩዘሩ ስለሆነ የማርሹ ዘንግ ከሾፌሩ ክርን ኋላ ወጣ፤ እሱንም አጥፈን እንደ ሽማግሌ ከዘራ አደረግነው። ሁሉ ነገር በገመድና በስንዝር እየተለካ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልተነካም።

«ፍሬኑስ?» አልኩት በራሶን።

«ፍሬኑ የራሷ ነው። ደህና ነው።»

«ፍሬኑ የተሠራው ለድሮው ክብደቷ ነው እኮ።»

«ተው እስቲ ታሪኩ። ገና ሳትሄድ ልታቆማት ነው?»

የተነሳች ቀን የዋንዛው ወፎች በሙሉ በረሩ። ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በእግር ነው። ጎረቤት ወጣ፣ ባጃጆች ቆሙ፣ በራሶ ከነቱታው እየዘለለ ከድርን አቀፈው። እኔ አፍንጫዋን ነበር የማየው። ሊሰግድ የጎነበሰ ሰው መስላ ፊቷ ወደ መሬት ወርዷል፤ ኋላዋ ብድግ ብሏል። እማዬ ለምናቸው አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጸልዩላት መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ሲጭኑ ለካ ግሏል፤ «ውይ! ይኼ ነገር ሲኦል ነው!» ብለው ዘለሉ። ጸሎቱን ጣሪያዋን ይዘው ጨረሱ። ሰው ሳቀ። እኔ መሳቁ አልመጣልኝም።

ለአፍንጫዋ መውደቅ ከድር መላ አመጣ። ሁለት ጆንያ አሸዋ ኋላዋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተተ። ያለ አሸዋው የኋላ ጎማዎቿ መሬት አይነክሱም፤ ፍሬን ሲያዝ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣና የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይቃጠላል። ከአሸዋው ጋር ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በዲላ መንገዶች ላይ ሞከርናት፤ ሄደች፤ ቆመችም። በራሶ «አየህ?» አለኝ። አየሁ። ዲላ ውስጥ ግን የይርጋጨፌን ያህል ቁልቁለት የለም።

ወደ ጋሽ ወልዴ የሄድነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዝናብ አድሮ አስፋልቱ ይብለጨለጫል። በወናጎ፣ በይርጋጨፌ ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ ደስ ይለዋል፤ ሌላው መኪና የሚያቃስትበትን እሱ እያፏጨ ይወጣዋል። ሕፃናት ከእንሰቱ ውስጥ እየወጡ ይጮሃሉ። በራሶ በአንድ እጁ ሰላም ይላል። እኔ እያንዳንዱን ዳገት ስንወጣ፣ ይህ ሁሉ ስንመለስ ቁልቁለት ነው እያልኩ ነበር። ለራሴ ነው፤ ድምፅ አላወጣሁም።

ጋሽ ወልዴ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁን ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ አላዩዋትም፣ ሰሟት። በራሶ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

«የሷ ድምፅ አይደለም» አሉ።

በራሶ ደነገጠ። «ሞተሩ ተቀይሯል ጋሼ። ሰውነቷ ግን የሷው ነው።»

«ድሮ ትዘፍን ነበር። አሁን ታዛለች።» ሳቁ። «ይሁን። ባለቤት አግብታለች ማለት ነው። ሰኞ ዲላ እመጣና እናዞረዋለን።»

በራሶ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ብርሃን ሠርጉ ቀን እንኳ አላየሁትም። ምናለ ከዚያ በቀጥታ ብንመለስ። በራሶ ግን ዱመርሶ ያለውን አጎታችንን ሳናይ አናልፍም አለ። መኪናዋን ሊያሳየው ፈልጎ ነው።

አጎታችን ጂግሶ ግቢው ጭቃ ሆኖ ጠበቀን። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ኋላዋን አስከፈተ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«አሸዋ ነው አጎቴ። ለሚዛን ነው» አለ በራሶ።

«አሸዋ! ከአጎትህ ቤት አሸዋ ይዘህ ልትወጣ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«አጎቴ፣ ስጦታ አይደለም እኮ፣ ለመኪናዋ ነው…»

«ዝም በል! እናታችሁ የኔ እህት ናት።»

ጆንያዎቹን አውጥቶ አሸዋውን ጭቃው ላይ አፈሰሰው፤ ግቢው አማረ። በምትኩ ሁለት ጆንያ ሙሉ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ የራሱን ቡና፣ አስጫነን። በኛ አገር አጎት የሰጠህን አትመልስም። እንዴት ብለህ? አሸዋውን ስንጭን ጆንያውን ለሁለት ተሸክመነው ነበር፤ ጀንፈሉን ግን እኔ ብቻዬን በትከሻዬ አነሳሁት። «በራሶ፣ ይኼ ቀላል ነው» አልኩት። «ሙሉ ነው እኮ፣ ይበቃል» አለኝ። ልቡ ሊብሬው ጋ ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር። ቡና ያለ ፈቃድ ከቦታ ቦታ እንደማይንቀሳቀስ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ግን ያን ሰዓት እዚያ ውስጥ የነበረው ለኛ ቡና አልነበረም። ሚዛን ነበር። በመንገዱ ላይ ኬላ እንዳለ አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ካፊያው የጀመረው እዚያው ዱመርሶ ሳለን ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ኋላዋ ወጣ። ወጣ ስል፣ እኛ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ እሷ ከኋላ ወደ ግራ ሄደች። በራሶ መሪውን መልሶ ያዛት። ሳቀ። በሁለተኛው መታጠፊያ አልሳቀም። ፍሬን በነካ ቁጥር አፍንጫዋ ይሰምጣል፣ ኋላዋ ይንሳፈፋል፣ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት እንንሸራተታለን። ከግራዬ የእንሰት ቅጠል፣ ከቅጠሉ ወዲያ ምንም የለም፤ ሸለቆ ነው። ከዚያ ሽታው መጣ። ያ ሽታ። መጀመሪያ ከውጭ የመጣ መሰለኝ። ከኛው ጎማ ነበር።

«ታሪኩ» አለኝ፤ በጣም ቀስ ብሎ። «ፔዳሉ ወርዷል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ፍሬን የለንም ማለት ነው።»

እማዬን አሰብኳት፤ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ስታጣ። ያን ጊዜ ነው ኬላውን ያየነው። ከታች፣ ቀጥ ያለው መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ፌስታል የታሰረበት ገመድ ተወጥሯል። ሚኒባስ ቆሟል፣ ሰዎች ወርደው ይፈተሻሉ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ መሀል መንገድ ላይ ነው። ሰዎቹ መሀል አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

በራሶ ማርሹን በጉልበት ወደ ዝቅተኛው መለሰው። ሞተሩ አገሳ። ያን ግዙፍ ሞተር ስፈራው ነበር፤ አሁን ግን ከፊታችን ሆኖ እንደ ታሰረ በሬ ወደ ኋላ የሚጎትተን እሱ ነበር። ችግሩ ለሰሚው ነው። ጠባቂው የሰማው የሞተር ግሳት ነው፤ ኬላ ጥሰው ሊያልፉ ነዳጅ የረገጡ ሰዎች ነው የመሰልነው። ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሲያነሳ አየሁ። በመስኮቱ ግማሽ አካሌን አውጥቼ ጮህኩ። «ፍሬን የላትም! ፍሬን የላትም! ወግዱ!» የሰሙኝ አይመስለኝም። ሰዎቹ ግን ተበተኑ።

ከገመዱ በፊት በቀኝ በኩል የቡና መፈልፈያ ነበር፤ ገለባው መንገድ ዳር እንደ ኮረብታ ተከምሯል። በራሶ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘው። ድምፅ አልነበረውም። ገባን። ጨለመ። አፌ፣ ዓይኔ፣ ጆሮዬ ገለባ ሆነ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጠፋ።

«አለህ?» አለ በራሶ።

«አለሁ።»

«በል ውጣ።»

የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ይታያሉ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ፤ ወጣት ነው። «እጅ ወደ ላይ! ሁለታችሁም!»

«ፍሬን እምቢ ብሏት ነው ወንድሜ» አለ በራሶ፣ እጁን አንስቶ።

«ኮንትሮባንድ ስትጭኑ ነው ፍሬን እምቢ የሚለው! ክፈት ኋላውን!»

ያኔ ነው ያስታወስነው። በራሶ ወደኔ አየ፣ እኔም ወደሱ። ከፈተው። ጠባቂው ጆንያውን ቀዶ ጀንፈሉን በመዳፉ አወጣ።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«ሚዛን ነው» አለ ወንድሜ።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ከሚኒባሱ የወረዱ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔም ቤት እንዲህ ያለ ሚዛን ሞልቷል፣ መጥተህ መዝንልኝ» አሉት። ጠባቂው ግን አልሳቀም፤ ጠመንጃው አሁንም እኛ ላይ ነው። አለቃው መጣ። ሸበቶ፣ ዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው። ሰዎቹ ገፍተው አፍንጮን ከገለባው አወጧት። በራሶ ስለ ሞተሩ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ አጎታችን ተናገረ። ሰውዬው አላመነም።

«ጋሼ፣ እባክዎ እዚህ ኋላዋ ላይ ይቀመጡ» አለው በራሶ።

«እኔ? ለምን?»

«ይቀመጡና አፍንጫዋን ይዩ።»

አለቃው ተቀመጠ፤ ጠባቂውንም አስቀመጠው። የወደቀው አፍንጫ ቀና አለ። ሲነሱ ወረደ። እንደገና ተቀመጡ፤ ቀና አለ። አለቃው እንደ ልጅ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን አየ። «ቡና የሚያሸሽ ሰው በዚህች አይመጣም» አለ ለጠባቂው። «ከሦስት ቀበሌ በፊት ትሰማለች።» ቡናው ይቀራል፣ እኛ እንሂድ ተባለ። በራሶ «ታዲያ በምን ክብደት?» አለ። ጠባቂው ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አንግቶ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ መጣ። «ድንጋይ ፈቃድ አይጠይቅም» አለ። ሁላችንም ድንጋይ ጫንን።

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ዘይት ጨምረን ተነሳን። አለቃው «አንተ በሚኒባሱ ሂድ» አለኝ፤ ፊቴን አይቶ ነው። መሄድ እችል ነበር። ግን በራሶ ብቻውን ከዓይኔ ተሰውሮ የሚታጠፈውን መታጠፊያ ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከማስበው፣ አጠገቡ ሆኜ ማየቱ ቀለለኝ። ገባሁ። ዲላ እስክንደርስ በራሶ ከጸጉሩ ገለባ እየለቀመ ያፏጫል። የፈራ አይመስልም። የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ፈራሁለት።

ከዚያ በኋላ በራሶ የላንድክሩዘሩን ፍሬን ገጠመላት። መንገዷ ሁሉ ተስተካከለ። ሙሽራ ጫነች፣ ፎቶ ተነሳባት፣ ከሐዋሳ ድረስ መጥተው ያዩዋት ጀመር። ሊብሬዋም በስሙ ዞረ። የኔ ፍርሃት ግን አልዞረም። ከጋራዡ ወጥቼ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ፤ መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ካየሁ ሱቄን ሳልዘጋ እሮጣለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም፤ ከዚያ ራሴ መልሼ እደውላለሁ። እማዬም እንደኔ ነበረች። የአፍንጮ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሁለታችንም የያዝነውን ነገር እንተው ነበር፤ መጣ ለማለት። አንድም ቀን ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም። ባለቤቱ ምሕረት «እናንተ ሰዎች መኪና ሰምታችሁ አታውቁም እንዴ?» እያለች ትስቅብን ነበር።

የበራሶ እግር ማበጥ ሲጀምር፣ ቆሞ ስለሚውል ነው አልን። ፊቱ ጠዋት ጠዋት ሲነፋ፣ እንቅልፍ በዝቶበት ነው አልን። ሲደክመው ሥራ ነው፣ ሲከሳ የቱታው ስፋት ነው አልን። እኔ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ስጠብቅ ሞት በመንገድ አልመጣም። በቤት ውስጥ፣ ድምፅ ሳያሰማ መጣ። ኩላሊቱ ነው አሉን ሐኪሞቹ፤ ቆይታችኋል አሉን፤ ቶሎ ሐዋሳ ውሰዱት አሉን።

ሚኒባስ ልኮናተር ስል እምቢ አለ። «በአፍንጮ ነው የምሄደው።» እሱ መንዳት አይችልም። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓመት መሪዋን ይዤ አላውቅም። ምሕረት በሕዝብ መኪና ከኋላ ትከተለን ዘንድ ተስማማን፤ የመኪናዋ ወንበር ሁለት ነውና። እማዬ ግንባሩን ሳመችው፤ የኔንም።

ወደ ሐዋሳ መንገዱ ደህና ነው፣ አስፈሪ ቁልቁለት የለውም። መሪውን ይዤ እንዴት እንደማልፈራ ራሴን ገረመኝ። ያ ሞተር እግሬ ሥር እንደ ለመደ እንስሳ ይሄዳል። ከዲላ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን አንድ አይሱዙ አለፈን፤ ከዚያ ሚኒባስ፤ ከዚያ፣ ሰው አያምነኝም፣ አንዲት ባጃጅ አለፈችን። በራሶ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ ተቀምጧል።

«ታሪኩ።»

«አቤት።»

«ትንሽ ቀስ በል።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ትቆማለች እኮ።»

ዞር ብዬ አየሁት። በዚያ ገለባ ውስጥ ያላየሁትን፣ ሞተሩ ደረቱ ላይ ሲወዛወዝ ያላየሁትን፣ በሕይወቴ ሙሉ ፊቱ ላይ ስፈልገው የኖርኩትን ነገር ያን ጊዜ አየሁት። በራሶ ፈርቷል። መኪናዋን አይደለም። ዓይኑ ከመንገዱ ወዲያ ነበር።

«ቶሎ እንዳንደርስ» አለኝ።

እግሬን አነሳሁ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋብን ጀመር፤ አንዱ አጠገባችን ሲደርስ በመስኮት ሰደበን። ወንድሜ እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው። አልፈጠንኩም።